ፍራንሲስ አስተን እና የ22 ቍጥር መስመር

በዚህ በዓመታዊ መጽሔታችን የታላላቅ ሰዎች ታሪክ በተጻፈ ቍጥር ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ነገሥታት፥ የጦር አለቆችና ደራስያን ናቸው። ይህም የሚገባ ነው። እኔ ግን ዘንድሮ ተራው ሲደርሰኝ ዘውድም ጎራዴም ያልያዘ፥ ዕድሜውን በመስታወት ቱቦና በፎቶግራፍ ሰሌዳ መካከል ያሳለፈ አንድ እንግሊዛዊ መርጫለሁ። ስሙ ፍራንሲስ ዊልያም አስተን ይባላል። እርሱን የመረጥሁበት ምክንያት በክፍል ውስጥ የሠራሁት አንድ ስሕተት ነው።

የኬሚስትሪ መምህራችን አንድ ቀን የሚከተለውን ጥያቄ አቀረቡልን። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ የሞለኪዩሉ ክብደት 44 ነው። አንድ ኤሌክትሮን ተወስዶበት አንድ ቻርጅ ሲይዝ በመለኪያው መሣሪያ በ44 ቍጥር ላይ ይታያል። ሁለት ኤሌክትሮን ተወስዶበት ሁለት ቻርጅ ቢይዝስ በየትኛው ቍጥር ላይ ይታያል? እኔ እጄን አውጥቼ በሙሉ ድፍረት 88 አልሁ። ክፍሉ ሳቀ። መምህራችን ግን አልሳቁም፤ በዚሁ ነገር ላይ ከእኔ እጅግ የበለጡ ሰዎች ለብዙ ጊዜ እንደ ተጨነቁ ነገሩኝና ስለ አስተን አንብቤ እንድመጣ አዘዙኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ትእዛዝ ፍሬ ነው። የጠቀስኋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

አስተን ሴፕቴምበር 1 ቀን 1877 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ አጠገብ ሃርቦርን በምትባል ቦታ ተወለደ። አባቱ የብረታ ብረት ነጋዴና ገበሬ ነበር፤ የእናቱ አባት ደግሞ ጠመንጃ ሠሪ ነበር። ከሰባት ልጆች ሦስተኛው ነው። ገና ልጅ ሳለ መጫወቻውን በገዛ እጁ መሥራት ይወድ ነበር፤ ርችት ይቀምማል፥ ከስስ ወረቀትም በሙቅ አየር የሚነሣ ፊኛ እየሠራ ይለቅ ነበር። እንዲህ ያለውን ልጅ እኛ ሰፈር ወላጆች ቤት ያቃጥላል ብለው ይገሥጹት ነበር። የአስተን ወላጆች ግን በቤታቸው ውስጥ ለሥራው የሚሆን ስፍራ ሰጡት።

በ1893 በርሚንግሃም ወደሚገኘው ሜሰን ኮሌጅ ገባ። በዚያም ኬሚስትሪን ከፍራንክላንድ፥ ፊዚክስን ከፖይንቲንግ ተማረ። የመጀመሪያው የምርምር ሥራው በታርታሪክ አሲድ ላይ ነበር። ይህ አሲድ በወይን ፍሬ ውስጥ ይገኛል፤ በምሥራቅ አገራችን ሁመር የሚባለውም ፍሬ ጕምዛዜው በአብዛኛው ከእርሱ ነው። ልዩ ሆኖ የተዘጋጀ ብርሃን በአሲዱ ውህዶች ውስጥ ሲያልፍ ወደ አንድ ወገን ይዞራልና አስተን ይህንን መዞር ያጠና ነበር። ታርታሪክ አሲድ በውሃ ውስጥ ሲሟሟ ሁለት ሃይድሮጅን ሊለቅና ሁለት ቻርጅ ያለው አዮን ሊሆን የሚችል ነው። አስተን ያን ጊዜ የሚያጠናው ብርሃኑን እንጂ ይህን አልነበረም፤ ሁለት ቻርጅ የሚባለው ነገር ግን በኋላ በሌላ በር ዞሮ መጣበት።

ሳይንስ እንጀራ አላበላ ስላለው የጠመቃን ትምህርት ተማረና ከ1900 እስከ 1903 ድረስ በዎልቨርሃምፕተን ከተማ በአንድ ቢራ ፋብሪካ በኬሚስትነት ሠራ። ጌሾና ብቅል የሚያውቁ እናቶቻችን ይህን ሲሰሙ ሳይደነቁ አይቀሩም። ቀን ከጥንስሱ ጋር ይውላል፤ ማታ ደግሞ ቤቱ ገብቶ አየር መምጠጫ ፓምፕና የመስታወት ቱቦ ይሠራል። ሮንትገን በ1895 ኤክስሬይን ካገኘ ወዲህ የአውሮፓ ወጣቶች ልብ ሁሉ ወደዚህ ዓይነት ቱቦ ተስቦ ነበርና የአስተንም ልብ ሄደ። በ1903 ጠመቃውን ትቶ ወደ በርሚንግሃም፥ ወደ መምህሩ ወደ ፖይንቲንግ ተመለሰ። በ1908 አባቱ ስለ ሞተ ባገኘው ውርስ ዓለምን ዞረ፤ በሆኖሉሉ ባሕር በእንጨት ጣውላ ላይ ቆሞ ማዕበል መጋለብን ሳይቀር ተማረ።

የሕይወቱ ትልቁ መታጠፊያ የመጣው በ1910 ነው። በኬምብሪጅ የካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ አለቃ የነበረው ጆሴፍ ጆን ቶምሰን ረዳት ይፈልግ ነበርና ፖይንቲንግ አስተንን አቀረበለት። ቶምሰን በ1897 ኤሌክትሮንን ያገኘ፥ በ1906 የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ሰው ነው። ሐሳቡ እንደ ምላጭ የተሳለ ሲሆን እጁ ግን ዕቃ ይሰብራል ይባል ነበር። አስተን ደግሞ መስታወት እየነፋ ቱቦ መሥራትን የተካነ ነበርና አንዱ የጎደለውን ሌላው ሞላለት።

አሁን ስለ መሣሪያው ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል፤ አለዚያ የቀረው ታሪክ አይገባም። አየሩ ተመጥጦ ጥቂት ጋዝ ብቻ በቀረበት ቱቦ ውስጥ ብርቱ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ከጋዙ አቶሞችና ሞለኪዩሎች ኤሌክትሮን ይነጠቃል። ኤሌክትሮን የተነጠቀውም አካል አወንታዊ ቻርጅ ይዞ እንደ ጥይት ይወረወራል። በመንገዱ ላይ ማግኔትና ኤሌክትሪክ ጎን ለጎን ሲጐትቱት ይታጠፍና በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ እንደ ቀስት የጎበጠ መስመር ይጽፋል። ቀላሉ ብዙ፥ ከባዱ ጥቂት ይታጠፋል። ስለዚህ ከመስመሩ አቀማመጥ ክብደቱን ማስላት ይቻላል።

ነገር ግን መሣሪያው የሚለካው ክብደቱን ብቻ አይደለም፤ ክብደቱ ለቻርጁ ሲካፈል የሚገኘውን ነው። እኔ የተሳሳትሁት እዚህ ላይ ነው። በልጅነቴ ከእሪ በከንቱ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ሸክም የሚያወጡ ሰዎችን አይ ነበር። 44 ኪሎ ጆንያ ለአንድ ሰው 44 ኪሎ ነው፤ ሁለት ሰዎች ቢይዙት ግን ለእያንዳንዱ ትከሻ 22 ኪሎ ይደርሰዋል። እንደዚሁም ሁለት ቻርጅ የያዘ ሞለኪዩል ሁለት ጊዜ ስለሚጐተት በሰሌዳው ላይ ግማሽ ክብደት ያለው መስሎ ይታያል። 44 የነበረው በ22 ላይ ይቀመጣል ማለት ነው።

ቶምሰን እንዲህ ያሉትን መስመሮች አስቀድሞ ለይቶ ያውቃቸው ነበር። ሜርኩሪ ብዙ ኤሌክትሮን እየጣለ በግማሹም፥ በሲሶውም፥ በሩቡም ቍጥር ላይ እንደሚታይ አስተውሏል። ሃይድሮጅን ግን ሁለት ቻርጅ ይዞ ከቶ አልታየም፤ ምክንያቱም የሚጥለው ኤሌክትሮን አንድ ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ አንድ ሰው ቻርጅ በመቍጠር ብቻ የአቶምን ኪስ ሊፈትሽ መቻሉ እኔን በጣም ያስገርመኛል።

በ1912 ቶምሰንና አስተን ኒዮንን ይመረምሩ ጀመር። ኒዮን አያቴ በወጣትነታቸው በፒያሳ ሱቆች በር ላይ ሲበራ ያዩት የነበረው የቀዩ መብራት ጋዝ ነው። የአቶሙ ክብደት በሚዛን ሲለካ 20.2 ነበር። በሰሌዳው ላይ ግን በ20 አንድ ብርቱ መስመር ወጣ፤ ከአጠገቡም በ22 ላይ አንድ ደካማ መስመር ታየ። በ22 ላይ የሚገኝ ንጥረ ነገር ደግሞ አንድም አይታወቅም ነበር።

ይህ መስመር ምንድር ነው? የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ያው የእኔ 44 ነበር። ያን ጊዜ ካርቦኒክ አሲድ እየተባለ የሚጠራው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፥ አምቦ ውሃ ሲከፈት ተፍለቅልቆ የሚወጣው ጋዝ፥ ከቱቦ ውስጥ ፈጽሞ አይጠፋም። ሁለት ቻርጅ ከያዘ ቦታው 22 ነው። ሁለተኛው ተጠርጣሪ የኒዮንና የሁለት ሃይድሮጅን ውህድ ነው፤ እርሱም 20 እና 2 ተደምሮ 22 ይሆናል። ሦስተኛው አዲስ ንጥረ ነገር ነው። የመጨረሻውና ማንም ለማመን የማይደፍረው ኒዮን ራሱ ሁለት ዓይነት ነው የሚለው ነበር። ከዳልተን ዘመን ጀምሮ የአንድ ንጥረ ነገር አቶሞች ሁሉ ክብደታቸው እኩል ነው ተብሎ ሲታመን መቶ ዓመት አልፎ ነበርና አንድ ደካማ መስመር ይህን ሁሉ ያፈርሳል ማለት ቀላል አልነበረም። የሰፈራችን ሽማግሌዎች እሪ በከንቱ የሚለው ስም የወጣው ሌሊት ዘራፊ የያዘው ሰው እሪ ቢል የሚደርስለት ስላልነበረ ነው ይላሉ። ይህም መስመር ሰሚ ሳያገኝ እሪ ሲል የቆየ ይመስለኛል።

ካርቦኒክ አሲዱን የፈተኑበት መንገድ ቀላልና ብልህ ነበር። ጋዙን እጅግ በቀዘቀዘ ፈሳሽ አየር ውስጥ በተነከረ ቱቦ አሳለፉት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በዚያ ብርድ በረዶ ሆኖ ይቀራል፤ ኒዮን ግን ያልፋል። ከዚህ በኋላ ሰሌዳው ሲታይ በ44 ላይ የነበረው መስመር ጠፍቷል፤ የ22 መስመር ግን አልደከመም። ሁለት ሰዎች የተሸከሙት ጆንያ ቢሆን ኖሮ ጆንያው ሲወሰድ እነርሱም በጠፉ ነበር። እንግዲህ የ22 መስመር ሁለት ቻርጅ የያዘው ካርቦኒክ አሲድ አለመሆኑ ተረጋገጠ።

አንዱን ተጠርጣሪ ነጻ ማውጣት ግን ሌላውን ጥፋተኛ ማድረግ አይደለም። ቶምሰን ወደ ሃይድሮጅኑ ውህድ ያደላ ነበር። አስተን ኒዮንን ለሁለት ለመክፈል ተነሣ። በመጀመሪያ ጋዙን በፈሳሽ አየር በቀዘቀዘ ከሰል ላይ እያስያዘ በሺሕ የሚቈጠር ጊዜ ለመለየት ሞከረ፤ አልሆነም። ቀጥሎ የትምባሆ ፒፓ በሚሠራበት ነጭ ሸክላ ቀዳዳዎች ውስጥ እያሳለፈ እንደ ገና ጀመረ፤ ቀላሉ ከከባዱ ጥቂት ፈጥኖ ያልፋልና። ያገኛትን ጥቂት ጋዝ የሚመዝንበት ሚዛን ስለ ሌለ ከኳርዝ እጅግ ረቂቅ ሚዛን በገዛ እጁ ሠራ። በ1913 አንደኛው ክፍል 20.15፥ ሌላው 20.28 ሆኖ ተገኘ። ይህን ያህል ደክሞ ያገኘው ልዩነት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ደስ ያሰኛል፤ ማስረጃነቱ ግን ሁሉን የሚያሳምን አልነበረም።

በዚያው ዓመት ሶዲ የተባለው ኬሚስት ጨረር በሚያወጡ ንጥረ ነገሮች ዘንድ ክብደታቸው የተለያየ፥ ጠባያቸው አንድ የሆነ አቶሞች እንዳሉ ገልጾ አይሶቶፕ ብሎ ሰየማቸው። ነገሩ እየተቃረበ ሳለ በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። አስተን ፋርንቦሮ ወደሚገኘው የአውሮፕላን ፋብሪካ ተላከና የክንፍ ጨርቅ በሚቀባበት ቀለም ላይ ሠራ። የተሳፈረበት የሙከራ አውሮፕላን ወድቆ ከሞት ተረፈ። ማታ ማታ ከሊንደማንና ከሌሎች ባልንጀሮቹ ጋር ስለ ኒዮን ይከራከር ነበር። ሊንደማን በአይሶቶፕ በቀላሉ የሚያምን ሰው አልነበረምና ክርክሩ አስተንን ሳይጠቅመው አልቀረም።

ጦርነቱ አልቆ ወደ ኬምብሪጅ ሲመለስ አዲስ መሣሪያ ሠራ። የቶምሰን መሣሪያ ፍጥነታቸው የተለያየ አቶሞችን በአንድ የጎበጠ መስመር ላይ ስለሚበትናቸው ጽሕፈቱ የደበዘዘ ነበር። አስተን ኤሌክትሪኩንና ማግኔቱን አንዱን ከሌላው በስተኋላ አድርጎ አቆማቸው፤ አንዱ የበተነውን ሌላው ይሰበስበዋል። ክብደታቸው እኩል የሆኑት ሁሉ ፍጥነታቸው ቢለያይም እንኳ በአንድ ስፍራ ያርፋሉ። በ1919 በዚህ መሣሪያ፥ ማስ ስፔክትሮግራፍ ብሎ በጠራው፥ ኒዮንን አነሣ። ከሺሕ አንድ እጅ በማያሳስት ልክ አንዱ መስመር በ20፥ ሌላው በ22 ላይ ተገኘ። በ20.2 ላይ ምንም የለም። ሚዛን ያሳይ የነበረው 20.2 የሁለቱ ቅልቅል አማካይ እንጂ የማንም አቶም ክብደት አልነበረም።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እኔ ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ትናንት የሚያሳስት የነበረው ሁለት ቻርጅ ዛሬ ምስክር ሆነ። ክሎሪን በሚዛን 35.46 ይመዝን ነበርና ቍጥሩ ለምን ሙሉ አልሆነም እየተባለ ኬሚስቶችን ሲያስቸግር ኖሯል። አስተን በ35 እና በ37 ሁለት መስመር አገኘ። ታዲያ እነዚህ ከሃይድሮጅን ወይም ከካርቦን ጋር የተጣበቁ ሞለኪዩሎች እንዳልሆኑ በምን ይታወቃል? በ17.5 እና በ18.5 ላይ ደካማ መስመሮች ነበሩ። ቶምሰን እንዳስተዋለው ሁለት ቻርጅ መሸከም በአብዛኛው የነጠላ አቶም ጠባይ ነበርና እነዚህ ግማሽ ቍጥሮች 35ም 37ም ራሱ ክሎሪን እንደ ሆኑ መሰከሩለት። አርጎንም በ40፥ በ20፥ ደግሞም በ13 ከሲሶ ላይ ተገኘ፤ አንድ፥ ሁለትና ሦስት ቻርጅ ይዞ ማለት ነው። ልብ በሉ፤ የአርጎን 20 በትክክል በኒዮን 20 ላይ ያርፋል። ስለዚህ አስተን ኒዮንን ያየ ሲመስለው አርጎን እንዳይሆን ሁልጊዜ መጠንቀቅ ነበረበት።

ቀጥሎ የመጣው ክብር ብዙ ስለ ተጻፈለት አሳጥረዋለሁ። በ1922 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። መሣሪያውን ሁለት ጊዜ አሻሽሎ በተፈጥሮ ከሚገኙት 287 አይሶቶፖች 212ቱን እርሱ አገኘ። የአቶሞች ክብደት ሙሉ ቍጥር መሆኑን አሳየ፤ ሃይድሮጅን ብቻ 1.008 ሆኖ ጥቂት ተርፎ ተገኘ። አራት ሃይድሮጅን ተዋህዶ ሂሊየም ቢሆን የምትጠፋዋ ትንሽ ክብደት ወደ ኀይል ትለወጣለች፤ ኤዲንግተን የተባለው የከዋክብት ተመራማሪም በ1920 የፀሐይ ሙቀት ከዚህ የሚመጣ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። አስተን በሽልማቱ ንግግር ላይ ይህ ኀይል አንድ ቀን በሰው እጅ ሊገባና ከቍጥጥር ውጭ ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቀ። ሂሮሺማ በኦገስት 6 ቀን 1945 ስትቃጠል እርሱ በሕይወት ነበር።

በጠባዩ ብቸኛ ሰው ነበር። ሚስት አላገባም፤ በትሪኒቲ ኮሌጅ ውስጥ ኖረ፤ ብቻውን መሥራት ይመርጥ ነበር። ማስተማር አልሆነለትም፤ ይህን የምጽፈው መምህራን እንዳይከፋቸው እየፈራሁ ነው። ሴሎና ፒያኖ ይጫወታል፥ በበረዶ ላይ ይንሸራተታል፥ ፎቶግራፍ ያነሣል፥ የፀሐይን ግርዶሽ ለማየት በ1925 ወደ ሱማትራ፥ በ1932 ወደ ካናዳ፥ በ1936 ወደ ጃፓን ተጕዟል። ኖቬምበር 20 ቀን 1945 በ68 ዓመቱ በኬምብሪጅ ሞተ።

እርሱ ከሞተ በኋላ መሣሪያው ከአቶም አልፎ ወደ ትልልቅ ሞለኪዩሎች ገባ። ጆን ፌን የተባለው አሜሪካዊ ፈሳሽን በኤሌክትሪክ ወደ ረቂቅ ነጠብጣብ እየበተነ ብዙ ቻርጅ የተሸከሙ ሞለኪዩሎችን ሳይሰበሩ ወደ መሣሪያው ማስገባት ችሎ በ2002 የኖቤል ተሸላሚ ሆነ። በዚህ መንገድ የአሲዶችም ተራ ደረሰ። በውሃ ውስጥ በምቾት ሁለት አሉታዊ ቻርጅ ይዞ የሚኖረው ትንሹ ኦክሳሊክ አሲድ ውሃው ሲለየው ሁለቱ ቻርጆች በጣም ተቀራርበው ስለሚገፋፉ ሁለቱንም ይዞ መቈየት አይችልም፤ ጥቂት የውሃ ሞለኪዩሎች አብረውት መቅረት አለባቸው። ሰንሰለታቸው የረዘመ፥ ቻርጆቻቸው የተራራቁ አሲዶች ግን ሁለቱንም ይዘው ይታያሉ። አስተን በወጣትነቱ የታርታሪክ አሲድን ብርሃን ሲያጠና ይህን ቢሰማ ኖሮ ምን እንደሚያስብ አላውቅም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በ1974 በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.18 ሚሊዮን ዓመት የሆናት መሆኑ የታወቀው በእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ የተከማቸው አርጎን በዚህ ዓይነት መሣሪያ ተለክቶ ነው። እርሷ የምትገኝበት ብሔራዊ ሙዚየም ከፒያሳ በእግር የሚደረስበት ነው። ኒዮንም ቢሆን አልቀረልንም። በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ከኢትዮጵያና ከሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ አገሮች በተሰበሰቡ ዓለቶች ውስጥ የታሰረውን ሂሊየምና ኒዮን መርምሮ ከስምጥ ሸለቆው ሥር ካለው ጥልቅ የመሬት ክፍል የሚወጣው ትኵስ ነገር ከአንድ ምንጭ የመጣ መሆኑን አመልክቷል። እንዲህ ያለ ልኬት በሚደረግበት ቤተ ሙከራ ሠራተኛው የኒዮንን 22 ከማመኑ በፊት 44ን ይመለከታል። ከቱቦው ፈጽሞ የማይጠፋው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምን ያህል እንዳለ ይለካል፤ ከእርሱም ሁለት ቻርጅ ይዞ በ22 ላይ የሚያርፈውን አስልቶ ይቀንሳል። የአርጎንን 40 ለክቶም ከ20 እንዲሁ ያደርጋል። የቀረውን ኒዮን ብሎ ይጽፋል።